የንቦቹ ቤት

በልጅነታችን በሓወልቲ ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ካሴት ለአንድ ሌሊት ይከራያል፤ ጠዋት ያልመለሰ ይቀጣል። እኅቴና እኔ እሑድ እሑድ የምንከራየው የህንድ ፊልም ነበር። አንድ እሑድ ታዲያ የህንዶቹ ሁሉ ተወስደው አለቁና ባለቤቱ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሰ ካሴት አውጥቶ፣ «ይህን የሚወስደው የለም፤ በግማሽ ዋጋ ውሰዱት» አለን። ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። እኅቴ ልትመልስለት ነበር፤ ከዋጋው ግማሽ ግን ለአንድ እሽግ ብስኩት የሚሆን ገንዘብ እንደሚተርፈን አሰበችና ይዘነው ሄድን። ፊልሙ «ሮማን ሆሊዴይ» ነበር።

አንባቢ ይህን ፊልም ሳያውቀው አይቀርም። ዊልያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1952 የሮማ በጋ (በእኛ ክረምት መሆኑ ነው) ከተማዋ ውስጥ ቀርጾት በ1953 ለተመልካች አቀረበው፤ ኦድሪ ሄፕበርንም ለኦስካር በቃችበት። ታሪኩ ቋንቋ የሚጠይቅ አይደለም። አንዲት ልዕልት ለጉብኝት በመጣችበት አገር ከኤምባሲዋ በሌሊት ትጠፋለች፤ አንድ ጋዜጠኛ መንገድ ዳር ተኝታ ያገኛታል፤ አንድ ቀን ሙሉ ሮማን ሲዞሩ ይውላሉ፤ ይዋደዳሉ፤ ሲመሽ ወደ ኤምባሲዋ ትመለሳለች። በማግስቱ በታላቅ አዳራሽ ውስጥ ከጋዜጠኞች ጋር ቆሞ ያያታል፤ ትጨብጠዋለች፤ ትሄዳለች። እርሱም በዚያ ረጅም አዳራሽ ብቻውን እየተራመደ ይወጣል። ሳቁ ብዙ ነው፤ መጨረሻው ግን የሳቅ አይደለም።

እናታችን፣ አደይ ነው የምንላት፣ ቡና እያፈላች ከኋላችን ትመለከት ነበር። ግሪጎሪ ፔክ እጁን በድንጋዩ ፊት አፍ ውስጥ ከትቶ የተቆረጠ መስሎ ሲጮህ፣ ከዚያ በኋላ በተመለከትነው ቁጥር ሁሉ፣ የሚሆነውን እያወቀች «እግዚኦ!» ማለቷን አልተወችም። በፊልሙ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራት። «ይህን ሁሉ ጄኔራልና ወይዘሮ በዙሪያዋ ሲያቆሙ አንዲት እናት አጡላት?» ትል ነበር። እውነቷን ነው። የልዕልቲቱ እናት በፊልሙ ውስጥ አትታይም። ስለዚህ ፊልም ካነበብኋቸው ጽሑፎች መካከል ይህን ያስተዋለ አልገጠመኝም።

እኅቴ ኋላ ወደ ሮማ ሄደች። ፊልሙን አይታ አይደለም፤ ፊልም አይቶ የሚሰደድ የለም። ሥራ ፍለጋ ነው የሄደችው፤ ያገኘችውም እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ሴቶች አሮጊት መጠበቅ ነበር። ጠዋት ትሄዳለች፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ማታ ትመለሳለች። በስልክ ስለ ሥራዋ ብዙ አታወራም። አደይ ደግሞ የምትጠይቃት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር፤ «ጠዋት ስትወጪ የምታይው ምንድን ነው?» ለምን እንዲህ እንደምትጠይቅ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «የምትበላውን ብጠይቃት ትዋሸኛለች። የምታየውን ግን ለመዋሸት ምን ምክንያት አላት?» አለችኝ።

ጦርነቱ በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መቀሌ ላይ ድምፅ ብቻ ተመለሰ፤ ኢንተርኔት አልነበረም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. አንድ እሑድ እኅቴ ደወለች። አደይ የተለመደ ጥያቄዋን ጠየቀች። እኅቴ ሳቀችና ስልኩን ለእኔ እንድትሰጠኝ ነገረቻት።

«ያ የጥንቱ ፊልማችን ትዝ ይልሃል? በየጠዋቱ በእርሱ ውስጥ ባለ አንድ ቤት በኩል ነው የማልፈው። እስኪ የትኛው እንደሆነ ፈልገው። ለአደይ አሳያት። ለሚቀጥለው እሑድ እጠይቅሃለሁ።»

«ፍንጭ ስጪኝ እንጂ።»

«ቆንጆ ነው። እኔ የማውቀው ከውጭ ብቻ ነው።»

የሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ማለቴ፣ ቀኑ መጥቷል፤ ስልኩ ነው ያልመጣው። በሰኔ መጨረሻ መስመሩ እንደገና ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ከእኅቴ አንድ ቃል አልሰማንም።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ደመወዝ የለም፤ ባንክ ያለው ገንዘብም አይወጣም። እጄ ላይ የነበረው ሰፊ ጊዜ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና በውስጡ ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያመጣሁት የዚያው ፊልም ቅጂ ነበር። መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሳይኖር ጣሪያው ላይ ሶላር በዘረጋ ጎረቤት ቤት ቻርጅ አደርጋለሁ። የላፕቶፑ ባትሪ አርባ ደቂቃ ይቆያል፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነው የሚቀረው። ስለዚህ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ እንጨርሰዋለን። አደይ ከጎኔ ትቀመጣለች። ሕንጻ በታየ ቁጥር አቆመዋለሁ፤ «ይሄ ነው?» ትለኛለች። እኔም አላውቅም። ከዚህ ቀደም ፊቶቹን ብቻ ስንመለከት ኖረናልና ከፊቶቹ ኋላ ስንት ቤት እንዳለ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በረንዳ፣ ደረጃ፣ መስኮት፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ስሙን የማላውቀው ፍርስራሽ።

ፊልሙ ሲቀረጽ የአክሱም ሐውልት ራሱ ሮማ ውስጥ ቆሞ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ በአንድ ሰፊ አደባባይ ላይ ተተክሎ፣ ወደ አክሱም የተመለሰው በ2005 ነው። ይህን ለአደይ ስነግራት፣ «እንግዲህ የዚያን ጊዜ ሓወልቲ የሚባል ሰፈር እዚያም ነበር ማለት ነው» አለች። ቀልዷ ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከሰማዕታቱ ሐውልት ሲሆን፣ ቃሉ ግን ለአክሱሙም ለመቀሌውም አንድ ነው።

እንዲህ ፊልም እያቆሙ ማየት ብቻውን የትም እንደማያደርሰኝ ሲገባኝ ከእኛ ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ የአንድ ጣሊያናዊ ሾፌር ነበሩ፤ ጣሊያንኛ ይናገራሉ፤ ያነባሉም። ከዚያ ዘመን የተረፋቸው ቀይ ሽፋን ያለው ስለ ሮማ የተጻፈ የመንገደኞች መጽሐፍ አላቸው። ሥዕል የለበትም፤ ያለው ደቃቅ ጽሑፍና የሚታጠፍ ካርታ ነው። ሮማን በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ መንገዶቿን ግን በቃላቸው ይወጧቸዋል።

«አቦይ፣ አንድ ቤት ጠፍቶብኛል» አልኋቸው።

«በዚህ ጊዜ ቤት ያልጠፋበት ማን አለና» አሉኝና መጽሐፉን ከሣጥን አወጡ።

ካርታውን ምንጣፍ ላይ ዘርግተው መጀመሪያ ያሳዩኝ የባቡር ጣቢያውን አደባባይ ነው፤ እኅቴ በየጠዋቱ ከአውቶቡስ የምትወርደው እዚያ መሆኑን ነግሬያቸው ነበር። ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ሲያስረዱኝ ፈገግ ብለው ነበር። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እስኪ አስቡት። የመቀሌ አየር ማረፊያ በአሉላ ስም የተሰየመ ነው፤ የሮማ ታላቁ ባቡር ጣቢያ አደባባይ ደግሞ አሉላ በገደላቸው ሰዎች። ከእኛ ከተማ ወደዚያ የሚሄድ ስደተኛ ከአሉላ ተነሥቶ እዚያው አሉላ የሠራው ሥራ ላይ ይወርዳል። እኅቴ ስንት ዓመት ስትወርድበት ይህን ታውቅ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልጻፍ። ከሁሉ ቤት የተዋበው የመጨረሻው አዳራሽ ነው፤ ጋዜጠኞቹ የቆሙበት። ወለሉ ያብለጨልጫል፤ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሥዕል ነው፤ ዓምዶቹ ትልልቅ ናቸው። አቦይ ስለ ታላላቅ ቤቶች የሚናገረውን ምዕራፍ ሳምንት ሙሉ አነበቡልኝና በሁለቱም ጫፍ የእምነ በረድ ዓምዶች ያሉትን አዳራሽ አገኘነው፤ ፓላጾ ኮሎና። ጣሪያው ላይ የተሣለው የሌፓንቶ የባሕር ጦርነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1571 ከቤተሰቡ አንዱ ማርካንቶኒዮ ኮሎና የጳጳሱን መርከቦች የመራበት። በ1849 ፈረንሳዮች ከተማዋን ሲደበድቡ አንዲት የመድፍ ጥይት በአዳራሹ ገብታ ደረጃው ላይ ወድቃለች፤ እስከ ዛሬም ከወደቀችበት አላነሷትም። አቦይ ይህንን ሲያነቡ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ለአደይ ሮጬ ሄድሁ። ጊዜው ጥር 2014 ዓ.ም. ነው። አዳራሹን አቁሜ አሳየኋት፤ ስለ ወርቁ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ጥይቷ ነገርኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ጥይት ወድቆበት ያልፈረሰ ከሆነ ጥሩ ቤት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ለሚጠጣ ሁሉ «ልጄ በየጠዋቱ በወርቅ አዳራሽ በር ነው የምታልፈው» ማለት ጀመረች። ከተማው የአውሮፕላን ድምፅ እየሰማ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ግን ስለ ጣሊያን አዳራሽ ይጠይቋት ነበር።

እኅቴ «የማውቀው ከውጭ ብቻ ነው» ብላኝ ነበር። አዳራሽ ከውጭ አይታይም። ረስቼው አልነበረም፤ ችላ ብዬው ነው። እናቴን ከሁሉ የበለጠውን ቤት ላሳያት ፈለግሁ፤ ጥያቄው ግን የትኛው ያምራል የሚል አልነበረም።

አደይ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በዚያ ዓመት መቀሌ ውስጥ ኢንሱሊን ማግኘት ምን ማለት እንደነበር ያየው ያውቀዋል፤ ያላየው እኔ ብጽፍለት አያየውም። በመጋቢት አረፈች።

ላፕቶፑን ዐርባዋ እስኪወጣ አልከፈትሁትም። ከዚያ በኋላም የከፈትሁት ፊልሙን ፈልጌ ሳይሆን አንድ ማመልከቻ ልጽፍ ነበር። ጽፌ ስጨርስ የቀረ ባትሪ ስለነበረ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመርሁት። ልዕልቲቱ ትንሿ የጭነት መኪና ውስጥ ተደብቃ ከኤምባሲው ስትወጣ አጥሩ ይታያል። ስንት ጊዜ አይቼው አላየሁትም። ረጅም የብረት አጥር ነው፤ በየመካከሉ የድንጋይ ምሰሶ አለው፤ በምሰሶዎቹ ላይ ደግሞ ሰዎች ተቀርጸዋል። ጢማም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ከወገባቸው በታች ድንጋይ ሆነው የቀሩ ሰዎች። አንድ ከባድ ነገር እንዲሸከሙ ታዝዘው የቆሙ ይመስላሉ። አቆምሁት። ከውጭ ብቻ የሚታወቅ ቤት ማለት ይህ ነው፤ በአጥሩ በኩል የሚታለፍ ቤት።

«አቦይ፣ ሰዎች የተሸከሙት አጥር ይፈልጉልኝ» አልኋቸው።

በሁለተኛው ቀን ሰው ልከው አስጠሩኝ። መጽሐፉ ውስጥ ትርጉሙን የማያውቁት አንድ ቃል አጋጥሟቸዋል፤ «ቴላሞኒ» ይላል። ከአገባቡ ግን ምሰሶ ላይ የሚቀረጹ ተሸካሚ ሰዎች መሆናቸውን ገመቱ። ቤቱ ፓላጾ ባርቤሪኒ ነው፤ መንገዱ «ቪያ ዴሌ ኳትሮ ፎንታኔ»፣ የአራቱ ምንጮች መንገድ። ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ በእግር የሚደረስበት ነው። አቦይ በጣታቸው ካርታው ላይ መንገዱን ሄዱበት፤ «እዚህ ጋ ቁልቁለት ነው፤ ጠዋት ስትሄድ አይደክማትም፤ ማታ ስትመለስ ግን ዳገቱ አለባት» አሉ። ሮማን ያላዩ ሰው መሆናቸውን አትርሱ።

የባርቤሪኒ ቤተሰብ ምልክት ሦስት ንቦች ናቸው። መጽሐፉ እንደሚለው ንብ የሌለበት ቦታ የለም፤ ከቤቱ ዝቅ ብሎ ካለው አደባባይ አጠገብ ቤርኒኒ የሠራው «የንቦች ምንጭ» የሚባል የውኃ መቅጃ እንኳ አለ። አቦይ ጓሮ ውስጥ ሁለት ቀፎ አላቸው። የጣሊያን መኳንንት አንበሳና ንስር ትተው ንብ መምረጣቸው ደስ አሰኛቸው። «ባለሙያ ቤተሰብ ነው» ብለው ፈረዱላቸው። ይህ ፍርድ እንኳ ትክክል አይመስለኝም። ከቤተሰቡ ጳጳስ የሆነው ኡርባኖ 8ኛ ከጥንታዊው ፓንቴዮን በረንዳ ላይ ናሱን አስነቅሎ በመውሰዱ የሮማ ሰዎች እስከ ዛሬ ያሙታል።

ቤቱ መሠራት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1627 ነው። የጀመረው አርክቴክት ካርሎ ማደርኖ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተ፤ ቤርኒኒና ቦሮሚኒ ቀጠሉት። ሁለቱ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን የተቀናቀኑ ሰዎች ናቸው። በቤቱ አንድ ጎን ቤርኒኒ ማዕዘን ያለው ሰፊ ደረጃ ሲሠራ፣ በሌላው ጎን ቦሮሚኒ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠማዘዝ ደረጃ ሠርቷል። የታሪክ አጋጣሚውን አስተውሉ። በእነዚያው ዓመታት የኡርባኖ ኢየሱሳውያን እዚህ እኛ አገር፣ ዐድዋ አጠገብ ፍሬሞና ላይ ነበሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን ለውጠው አገር ታምሶ ነበር። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አስወጥቶ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎንደርን ቆረቆረ። ንቦቹ ቤት ደረጃው ሲወጣ፣ ጎንደር ላይ ግንቡ ሊጀመር ነበር። አገራችን ከእጁ እየወጣች ሳለ ጳጳሱ ለዘመዶቹ ቤት ያሠራ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። በቤታችን «ይሄ ነው?» የሚለኝ የለም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። በኅዳር መጨረሻ መብራት መጣ። በታኅሣሥ ስልክ ተመለሰ፤ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ሰዎች ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመው ሲያለቅሱ ማየት የተለመደ ነበር። ለቅሶው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስንት ሰው የዓመት ተኩል መርዶ በአንድ ቀን ተቀበለ፤ ስንት ሰው ሞቷል ያለውን ድምፁን ሰማ።

እኔ ቁጥሯን መደወል አልቻልሁም። ብር ስለሌለኝ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ እርሷ ደወለች።

«ሓወይ» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥላ ስለ እኔ አልጠየቀችም፤ ስለ አደይም አልጠየቀችም። «ቤቱን አገኘኸው?» አለች።

ለምን ከዚያ እንደጀመረች ገባኝ። ከዚያ ጥያቄ ወዲህ ያለው ሁሉ ገና አልተነገረም፤ በዚያች ጥያቄ ውስጥ እስካለን ድረስ ሰኔ 2013 ነው፤ የሚቀጥለው እሑድ ነው።

«አገኘሁት። በአራቱ ምንጮች መንገድ። የድንጋይ ሰዎች ያሉበት የብረት አጥር። የንቦቹ ቤት።»

«የምን ንቦች?»

ንቦቹን አይታቸው አታውቅም። አጥሩ ነው እንጂ። ስትስቅ ሰማኋት፤ ሳቋ ግን እየቀጠነ ሄደ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«ለአደይ ነገርሃት?»

ቃላት ማስተማር ሥራዬ ነው። ለዚህ የሚሆን ቃል ለሁለት ቀን ስፈልግ ነበር፤ መርዶ በሽማግሌ፣ በቤተ ዘመድ፣ በንጋት የሚነገር እንጂ እንዲህ በስልክ የሚነገር አይደለም። እኅቴ አጠገብ የሚይዛት ሰው መኖሩን እንኳ አላውቅም። «ብቻሽን ነሽ?» ብላት ነገሩ አለቀ። የመጣልኝ እውነቱ ነበር።

«ትክክለኛውን ቤት አልነገርኋትም። ያን ጊዜ አላገኘሁትም ነበር። የመጨረሻው ታላቁ አዳራሽ ነው ብዬ ነው የነገርኋት፤ ልዕልቲቱ የምትሰናበትበት። ደስ ብሏት ነበር። እርሱን ይዛ ሄደች።»

ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልን አላውቅም። ማልቀሷን አልሰማሁም፤ ስልኩን ከአፏ አርቃው ይሆናል። ስትመለስ ድምፏ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጠው እኅቴ መሆኗን ያስታወሰኝ ድምፅ።

«አዳራሹ በፊልሙ ውስጥ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ኤምባሲው ውስጥ ነዋ።»

«ኤምባሲው የሚገባው በየት ነው?»

መልሱ በአፌ ላይ ሳለ ነው የገባኝ። በአጥሩ በር።

«ታዲያ ልክ ነገርሃት» አለች።

በኋላ ኢንተርኔት ሲመለስ ነገሩን አጣራሁት። ዋይለር ያንን ኤምባሲ የሠራው ከሦስት ቤት ነው። በሩና አጥሩ ፓላጾ ባርቤሪኒ ነው፤ ልዕልቲቱ በሌሊት ልብሷ የምትበሳጭበት ውስጠኛው ክፍል ፓላጾ ብራንካቾ የሚባል ሌላ ቤት ነው፤ የመሰናበቻው አዳራሽ ፓላጾ ኮሎና ነው። በከተማዋ ካርታ ላይ ሦስቱም የተለያየ ቦታ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ግን በባርቤሪኒ በር የገባ ሰው ኮሎና አዳራሽ ውስጥ ይቆማል። አቦይ ይህን ስነግራቸው የተታለሉ መስሏቸው ተቆጡ፤ «እኛን ሳምንት ሙሉ ያስፈለገን ለዚህ ነው?» አሉ። ለእኔ ግን ከዚያ በኋላ ፊልሙን ስመለከት የጭነት መኪናዋ ከበሩ ስትወጣ፣ ከውስጥ፣ ከጨለማው ወዲያ፣ ወርቁና ጣሪያው እንዳለ አውቃለሁ።

እኅቴ በዚያው ዓመት አንድ እሑድ ወደ ቤቱ ገባች። ፓላጾ ባርቤሪኒ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ ዛሬ የሥዕል ሙዚየም ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ መግቢያው ነጻ ነው። ስንት ዓመት በአጥሩ በኩል አልፋ መግቢያው በወር አንድ ቀን በነጻ መሆኑን የነገራት አልነበረም። ከመግባቷ በፊት በቪዲዮ ደውላ አጥሩን አሳየችን። እኔ ሁልጊዜ ግራጫ አድርጌ ነበር የማስበው፤ ፊልሙ ቀለም የለውምና። ድንጋዩ ግን ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ቅቤ ያደላል። እኛ ሰፈር ግቢውን ሁሉ የምናጥርበት የመቀሌ ድንጋይ ይመስላል።

«አየኸው?» አለችኝ። «እኔ ይኼን እያየሁ ነው ጠዋት ጠዋት የምሄደው። ለአደይ ልነግራት የነበረው ይህን ነበር፤ ድንጋዩ የእኛን ይመስላል ልላት ነበር።»

ከዚያ ደረጃውን ወጣች። አቦይ ከጎኔ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ስልኩ ላይ አጎንብሰዋል። በትልቁ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ፒየትሮ ዳ ኮርቶና እ.ኤ.አ. ከ1633 እስከ 1639 የሣለው ሥዕል አለ፤ ሰማዩ ተከፍቶ ሰውና ደመና የሚተራመስበት፣ በመካከሉ ሦስት ግዙፍ ንቦች የሚበሩበት። እኅቴ ስልኩን ወደ ላይ አቀናችው። ኔትወርኩ ደካማ ነበር፤ መጀመሪያ ሰማያዊ ነገር ብቻ፣ ቀጥሎ ወርቃማ ነገር ብቻ ታየ።

«አውራው የትኛው ነው?» አሉ አቦይ።

«ምን አሉኝ፣ አቦይ?»

«የንቦቹ አውራ! ከሦስቱ የትኛው ነው?»

እኅቴ ለማየት ወደ ኋላ ስትሄድ ከሰው ጋር ተጋጨች፤ በጣሊያንኛ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰማናት። ምስሉ ተንቀጠቀጠና በአንዲት ንብ ክንፍ ላይ ቆመ። አቦይ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ንቧን ይመለከቱ ጀመር። ድምፁ ግን አልተቋረጠም ነበር፤ እኅቴ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስትራመድ ኮቴዋ ይሰማናል።